ዲሲ ውስጥ ጎልፍ በርካሽ ለመጀመር፦ ቀዩን ሜዳ ሞክር

ወንድሜ፣ «የሥራ ጓደኞቼ ጎልፍ ጋብዘውኛል፣ ዱላ ጨብጬ አላውቅም፣ ሳልዋረድ የምለማመድበት ርካሽ ቦታ ዲሲ አካባቢ አለ ወይ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ አለ። ሄይንስ ፖይንት ሂድ፣ ኢስት ፖቶማክ የሚባለው የሕዝብ ሜዳ። እኔ እዛ መመላለስ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁንም ጎበዝ አይደለሁም፣ ስለዚህ የምነግርህን የጎበዝ ሳይሆን የለመደ ሰው ምክር አድርገህ ውሰደው።

እዛ ሦስት ሜዳ አለ። ሰማያዊው ባለ 18 ጉድጓድ ነው፣ እሱን ለጊዜው እርሳው። ነጩም ይቆይህ። ላንተ የሚሆነው ቀዩ ነው። 9 ጉድጓድ ብቻ፣ ሁሉም ፓር 3፣ ማለትም እያንዳንዱን በሦስት ምት ጨርስ ነው የሚልህ። ድምሩ 27። እኔ የመጀመሪያ ቀን 61 መታሁ፣ ያውም የጠፉትን ኳሶች በደንብ ሳልቆጥር። ዋጋው ለሁለት ሰው ክትፎ ከምትከፍለው ያንሳል፣ ዱላም እዛው ይከራያል።

ስለ መዋረድ ላልከው፣ እኔ የተዋረድኩት ውድ ቦታ ነው። አንድ የማውቀው ሰው የሆነ የተሽቀረቀረ ክለብ ጋብዞኝ በጂንስ አይገባም ተብዬ ከበር ተመለስኩ። ጋባዤ ከኔ በላይ አፈረ። ቀዩ ሜዳ ላይ ግን የሥራ ቦቲውን ሳያወልቅ የሚጫወት ሰው አይቻለሁ፣ ዞር ብሎ ያየው የለም።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገርህ። ሌሊቱን ስነዳ አድሬ የመጨረሻውን ተሳፋሪ ሬገን ኤርፖርት አራግፌ ድልድዩን ተሻግሬ ቀጥታ ሄድኩ። ለብቻህ ከሆንክ ከማታውቀው ሰው ጋር ያጣምሩሃል፣ ይሄን አትፍራ፣ እንዲያውም ጥሩው ነገር እሱ ነው። ለኔ ሰባዎቹን ያለፈ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ደረሰኝ። የመጀመሪያው ምቴ አየር መታ። ሁለተኛው መሬቱን ቦጭቆ ከኳሷ ይልቅ አፈሩን አራቀው። በሦስተኛው ኳሷ ተንከባላ ዝይዎቹ መሀል ገባች፣ እነሱም ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ሽማግሌው ከየት ነህ አለኝ። ኢትዮጵያ ስለው ሳቀና «ቀስ! ቀስ! ቀስ!» ብሎ መኪና ወደ ኋላ እንደሚያስገባ ሰው እጁን አወናጨፈ። ለካ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ከኛ ልጆች ጋር ዓመታት ሠርቷል፣ ቃሉም «ወደ ኋላ» ማለት ይመስለው ነበር። ትርጉሙን ስነግረው ትንሽ አሰበና፣ እንግዲያው አንተም እንደሱ ምታ አለኝ። እውነቱን ነው። እኛ ዱላ ስንይዝ እንጨት የምንፈልጥ ነው የሚመስለን። በግማሽ ጉልበት ስትመታ ዱላው ራሱ ኳሷን ያነሳታል።

ስድስተኛው ጉድጓድ ጋ ፊታችን ያሉት እስኪጨርሱ ስንጠብቅ የቦታውን ታሪክ አጫወተኝ። ድሮ ጥቁሮች እዚህ እንደ ልባቸው አይጫወቱም ነበር፣ በፈረንጆቹ 1939 ለነሱ ተብሎ በሰሜን ምሥራቅ ዲሲ ላንግስተን የሚባል ሜዳ ተከፈተ። በ1941 ሦስት ጥቁሮች ኢስት ፖቶማክ መጥተው፣ ተሰብሳቢው እየሰደባቸው፣ በፖሊስ ታጅበው ተጫወቱ። በዚያው ዓመት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ኢክስ የከተማዋ የሕዝብ ሜዳዎች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ አደረገ። እኔ ዱላዬን ተደግፌ ስሰማ ስለ ሦስቱ ምቶቼ ማፈሬን ረሳሁት።

ዕቃ ብዙ አትግዛ። ደንቡ እስከ 14 ዱላ ይፈቅዳል፣ ላንተ ግን ሰባት ቁጥር አይረን (ባለ ብረት ራሱ ዱላ)፣ አንድ ዌጅ (ለአጭር ርቀት ኳሷን ከፍ የሚያደርገው) እና ፓተር (ጉድጓዱ አጠገብ ኳሷን የምታንከባልልበት) ይበቃሃል። የኔን ጉድዊል ከሚባለው ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ነው የለቀምኩት። ኳስም ያገለገለ ግዛ፣ መጥፋቱ አይቀርም።

ሰው የሚያናድደው በደንብ አለመምታትህ ሳይሆን መንቀርፈፍህ ነው። ኳስ ከጠፋብህ ደንቡ የሚሰጥህ 3 ደቂቃ ነው፣ እኔ ግን አንድ ደቂቃ ፈልጌ ሌላ እጥላለሁ። ከኋላ የሚፈጥኑ ከመጡ ቆም በልና አሳልፋቸው፣ እኔ ይሄን ባለማወቄ አንድ ቅዳሜ አራት ሰው ሙሉ ሲረግመኝ ነበር። ሰው ሊመታ ሲዘጋጅ ዝም ማለት ነው፣ ስልክም ጭምር። ኳስህ ወደ ሰው ከሄደ ደግሞ ሳታፍር «ፎር!» ብለህ ጩህ። አሸዋ ውስጥ ከገባህ የእግርህን ዱካ እዛ ባለው መጥረጊያ (ሬክ) አስተካክለህ ውጣ።

ቅዳሜና እሁድ አትሂድ፣ በሥራ ቀን በጠዋት ይሻላል። ቦታው ከወንዙ በወጣ ደለል የተሞላ ሜዳ መሬት ስለሆነ ዝናብ ከጣለ ውኃ ይይዛል፣ ደውለህ ጠይቅ። ልጆች ካሉህ እዛው ግቢ ሚኒ ጎልፍ አለ፣ የኔዎቹ አይስክሬም ካገኙበት አይወጡም።

ትርፍ ሰባት ቁጥር አለኝ። ግራኝ ካልሆንክ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዛ ነኝ፣ ናና ውሰደው። በሐበሻ አቆጣጠር ነው፣ የፈረንጅ ሰባት ሰዓት ማለቴ ነው።