«ሥልጠናውን ጨረስኩ፤ ልጄ ግን ያው ነው»

ጥያቄ፦ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ያመሻል፤ ስጠይቀው «ተዪኝ» ብሎ በሩን ይዘጋል። የጉርምስና ዕድሜ ልጆች ላሏቸው ወላጆች የተዘጋጀ ሥልጠና አምስት ቅዳሜ ሳልቀር ተከታተልኩ። ሰማንያ ያህል ሆነን አዳራሽ እንቀመጣለን፤ አሠልጣኙ ከስክሪን ያነብልናል። በመጨረሻም ቅጽ ላይ «በጣም ጥሩ» ብዬ ሞልቼ የምስክር ወረቀት ወሰድኩ። ቤት ግን ያው ጭቅጭቅ ነው። ባለቤቴ «አልነገርኩሽም?» ይለኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የልጄ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እርስዎንና ልጅዎን ከመክሰሴ በፊት የሥልጠናውን አሰጣጥ ልጠይቅ። ሊጡ ሳይቦካ ጋግራ እንጀራው ዓይን ባያወጣ ጤፉን የምትወቅስ ባለሙያ የለችም።

በደቡብ አፍሪካ ምሥራቅ ኬፕ በ40 መንደሮችና ሠፈሮች 552 ቤተሰቦችን አሳትፎ የተጠና፣ ውጤቱም በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ «ሲኖቩዮ» የተባለ ሥልጠና አለ። በኾሳ ቋንቋ «ደስታ አለን» ማለት ነው። 14 ክፍለ ጊዜ ነበረው፤ በአብዛኛው ወላጅና ልጅ አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ እናት ሌላው ልጅ ሆኖ ጭቅጭቁን ይለማመዳሉ፤ ለቀረ ሰው ቤቱ ድረስ ይሄዱለታል። ድብደባና ስድብ ቀነሰ የተባለው ይህ ሁሉ ተደርጎ ነው። የእርስዎ ልጅ ግን አዳራሹን በዓይኑም አላየው።

ሥልጠና በአግባቡ መሰጠቱን የሚመዝኑ ባለሙያዎች ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ያያሉ። የታቀደው ልምምድ ተሠርቷል? አሠልጣኙ ያዳምጣል ወይስ ይሰብካል? ባለፈው ሳምንት ቤት ሞክሩት የተባለውን ማን ሞከረ፣ ምን አጋጠመው ብሎ ይጠይቃል? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ወላጅ የሚለወጠው ሞክሮ ያልተሳካለትን ይዞ ሲመጣ ነውና። አሠልጣኝ ራሱን ሲመዝን ደግሞ ለጋስ ይሆናል። እኔም አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻዬን አውርቼ «ዛሬ ጥሩ ተሳትፎ ነበር» ብዬ መዝግቤአለሁ። የእርስዎ «በጣም ጥሩ»ም የይሉኝታ ነጥብ ይመስለኛል፤ ሻይና ዳቦ ቀርቦልን ማን «ደካማ» ብሎ ይሞላል?

ስለዚህ አዘጋጆቹን ያነጋግሩ። በአነስተኛ ቡድን፣ ከልጆቻችን ጋር የምንለማመድበት ጊዜ ይኑረን ይበሉ። እስከዚያው ሌላ አዳራሽ አይፈልጉ። በመጪው ቅዳሜ ልጅዎን «እስከ ስድስት ኪሎ በእግር እንሂድ» ይበሉት። በመንገድ ላይ ስለ ትምህርት ውጤትም ስለ ማምሸትም አንድ ቃል አያንሱ። እሱ ካወራ ያዳምጡ፤ ዝም ካለ አብረውት ዝም ይበሉ። የመጀመሪያው ቀን ምናልባት አሰልቺ ይሆናል፤ ይሁን። የማምሸቱን ጉዳይ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይተው፣ ሁለታችሁም ባልተቆጣችሁበት ሰዓት ያንሱት፤ የመግቢያውን ሰዓትም አብራችሁ ወስኑ።

ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ወይም ምግብና እንቅልፍ ከተወ ግን ሥልጠናም የእግር ጉዞም አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።

ባለቤትዎም «አልነገርኩሽም?» ማለታቸውን ትተው ሁለተኛውን ቅዳሜ የእግር ጉዞውን ከልጁ ጋር እርሳቸው ይሂዱለት።