ፋኑ ነቅነቅ ብሎ የሚቆም አዲስ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎንደር ማራኪ አካባቢ የሠርግ ቪዲዮ በማቀናበር እተዳደራለሁ። ጥር ከመግባቱ በፊት ይድረስልኝ ብዬ ኮምፒውተር ራሴ ገጣጠምሁ። ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ቢ450ኤም ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም፣ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ኤስኤስዲና ባለ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ አዲስ ገዛሁ። ኬዙን፣ ጂቲኤክስ 1660 ግራፊክስ ካርዱንና የደንበኞቼ ሥራ ያለበትን ሃርድ ዲስክ ከአሮጌው ኮምፒውተሬ ወሰድሁ። የሃርድ ዲስኩ ገመድ ስላጠረኝ የአሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ገመድ ተጠቀምሁ። ማብሪያውን ስጫን ፋኑ ነቅነቅ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ብጫነውም ዝም ነው፤ ከሶኬት ነቅዬ ቆይቼ ስሰካው ያንኑ ይደግማል። አንድ የማውቀው ልጅ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። ደግሞም ኬዙን ስነካው ይነዝረኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የኃይል ገመዱን ከሶኬት ንቀል፤ ይህን አንብበህ እስክትጨርስም ማብሪያውን አትንካ። ማዘርቦርድ የመግዛቱንም ሐሳብ ለጊዜው ተወው። ያልተመረመረን ዕቃ «ተቃጥሏል» ማለት ለተናጋሪው ምንም አያስወጣውም፤ ገንዘቡ የሚወጣው ከአንተ ኪስ ነው።

ፒያሳ ወዳለው ጠረጴዛዬ የሚመጡት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ «አልነሳ አለ» ከመባል በቀር ሌላ ታሪክ የላቸውም። አንተ ግን ምልክቱን አስተውለህ ስለጻፍህልኝ ግማሹን ሥራ ሠርተህልኛል። ማብሪያው ሲጫን ጭራሽ ዝም የሚል፣ ፋኑ እየዞረ ሥዕል የማያመጣ፣ ነቅነቅ ብሎ የሚቆም፣ ሦስቱም ሕመማቸው የተለያየ ነው። ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ ኃይል አልደረሰውም፣ ወይም ከኬዙ ማብሪያ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ ማዘርቦርዱ ላይ ካሉት እሾኾች ትክክለኛዎቹ ሁለቱ ላይ አልተሰካም። እየዞረ ሥዕል የማያመጣው ኃይል አግኝቷል፤ የሚጠረጠሩት ራሙ፣ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ናቸው። ነቅነቅ ብሎ የሚቆመው፣ በተለይም እንዳንተው ከሶኬት ተነቅሎ ካልቆየ በቀር ዳግመኛ የማይሞክረው፣ አንድ ቦታ ሾርት አለበት፣ ማለትም መነካካት የሌለባቸው ሁለት መስመሮች ተገናኝተዋል፣ ብዬ ነው የምጀምረው።

ደኅና ፓወር ሰፕላይ ራሱን ይጠብቃል። 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት የሚያወጡትን መስመሮች ይከታተላል፤ ከእነርሱ በአንዱ ከልክ ያለፈ ኃይል ሲሳብ ሁሉንም በቅጽበት ያጠፋና ይቆለፋል። የሚፈታው ከሶኬት ተለያይቶ በውስጡ የተጠራቀመው ኃይል ሲያልቅ ነው። ነቅለህ ቆይተህ ስትሰካው ያችኑ ግማሽ ዙር መልሶ የሚያሳይህ ለዚህ ነው። እንግዲህ የምንፈልገው የተቃጠለ ዕቃ ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩን ያስደነገጠውን ነገር ነው።

ደብዳቤህ ውስጥ እንደ ዋዛ ያለፍሃት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ የአሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ገመድ ተጠቀምሁ ያልኸው። ጥርጣሬዬ በሙሉ እዚያ ላይ ነው።

ገመዳቸው ከሁለቱም በኩል የሚነቀል ፓወር ሰፕላዮች ላይ፣ በሃርድ ዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ የትም አገር አንድ ዓይነት ነው፤ 15 ንክኪዎች ያሉት የሳታ ራስ ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለውን ጫፍ ግን የሚገዛ የጋራ ደንብ የለም። አምራቹ ሽቦዎቹን እንደ ፈቀደ ይደረድራል። አንዱ 12 ቮልት ያወጣበትን ቀዳዳ ሌላው 5 ቮልት ያወጣበታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ኃይሉ ዞሮ የሚገባበት መመለሻ መስመር ያደርገዋል። የአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች እንኳ የማይጣጣሙበት ጊዜ አለ። ክፋቱ የፕላስቲኩ ራስ ቅርፅ ይመሳሰላል፤ ሳያስቸግር ቀጭ ብሎ ይገባል። ገባ ማለት ግን ገጠመ ማለት አይደለም። ሽቦዎቹ ብዙ ጊዜ ሁሉም ጥቁር ስለሆኑም ቀለም አይቶ መለየት አይቻልም።

በዚህ የተነሳ ከሁለት አንዱ ደርሷል ብዬ እገምታለሁ። አንደኛው፣ ገመዱ ኃይል የሚወጣበትን ቀዳዳ ከመመለሻው ጋር አገናኝቶታል፤ ይህ ከሆነ ዲስኩ ምንም ላይሆን ይችላል። ሁለተኛው ያሳስበኛል፤ 12 ቮልቱ በ5 ቮልቱ በኩል ወደ ሃርድ ዲስኩ ገብቷል።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ገመዱ ከሶኬት እንደተነቀለ የኬዙን ማብሪያ ጥቂት ጊዜ ተጭነህ ያዝ፤ የቀረው ኃይል ይፈስሳል። ኬዙን ክፈትና ያንን አሮጌ ገመድ ከሁለቱም ጫፍ ነቅለህ አውጣው። ሃርድ ዲስኩንም አውጣና ለብቻው አስቀምጠው። ከዚያ ሰክተህ አንድ ጊዜ ሞክር። ፋኖቹ መዞራቸውን ከቀጠሉ ችግሩ እነዚያ ሁለቱ ነበሩ። አሁን «እስኪ ዲስኩን በአዲሱ ገመድ ልሞክረው» የሚል ሐሳብ ይመጣብሃል። ተው።

ባለ 3.5 ኢንቹ ሃርድ ዲስክ የውጭ ሰሌዳው ላይ፣ የኃይል መግቢያው አጠገብ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ትንንሽ ጥቁር መከላከያ ዳዮዶች አሉት፤ አንዱ 5 ቮልቱን፣ ሌላው 12 ቮልቱን ይጠብቃል። ከልክ ያለፈ ቮልት ሲመጣ ራሳቸውን ሾርት አድርገው ይሞታሉ፤ ሌላው ክፍል እንዲተርፍ። እንዲህ የሆነን ዲስክ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ላይ ብትሰካው ያንኑ የፋን ንቅነቃ ታያለህ። ቪዲዮዎቹ የተጻፉት ግን ውስጥ ባሉት ሳሕኖች ላይ ነው፤ እነርሱ ደኅና ሊሆኑ ይችላሉ። ጥገና የሚያውቅ ሰው የሞተውን ዳዮድ በቴስተር ለይቶ ያነሣዋል፤ ዲስኩ ከተነሣም ያለመከላከያ ስለሚሠራ ፋይሎቹ ወዲያው ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ፣ ከዚያ ጡረታ ይወጣል። የሌላ ዲስክ ሰሌዳ ፈትተህ ቀይርበት የሚልህ ካለ አትስማው። በአዳዲሶቹ ዲስኮች ሰሌዳው ላይ ያለችው ትንሽ ቺፕ የዚያን ዲስክ ልኬቶች ይዛለች፤ እርሷ አብራ ካልተዛወረች ዲስኩ አይነበብም። ሳሕኖቹ ያሉበትን ክዳን መክፈት ደግሞ በዚህ በጋ አቧራ ውስጥ ጨርሶ የማይታሰብ ነው።

ገመዱና ዲስኩ ወጥተውም ንቅነቃው ከቀጠለ ኬዙን ጠርጥረው። ኬዙ ከአሮጌው ኮምፒውተር የመጣ ነው ብለሃል። ማዘርቦርድን ከኬዙ ብረት የሚያርቁት የናስ እግሮች የተተከሉት ለአሮጌው ማዘርቦርድ ልክ ነው። ትልቁ ዓይነት ዘጠኝ የብሎን ቀዳዳ አለው፤ ያንተው ቢ450ኤም ከትንሾቹ ስለሆነ ቀዳዳውም ያነሰ ነው። የተረፈ አንድ እግር ከሥር ቀርቶ የማዘርቦርዱን ጀርባ ከነካ የብየዳ ነጥቦቹን ከኬዙ ጋር ሾርት ያደርጋል። ማዘርቦርዱን ሳታነሣ ይህን ማየት አትችልም።

ስለዚህ ማዘርቦርዱን ከነፕሮሰሰሩ አውጣና በመጣበት ካርቶን ላይ አጋድመው። በተጠቀለለበት ብርማ ከረጢት ላይ አይሁን፤ የዚያ ውጭው ኃይል ሊያስተላልፍ ይችላል። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠህም አትሥራ፤ ዝናቡ ካቆመ ወዲህ አየሩ ደረቅ ነው፣ ከልብስና ከምንጣፍ መፋተግ የሚነሣው ንዝረት ቺፕ ሊገድል ይችላል። ሁለቱን የኃይል ገመዶች፣ ማለትም ባለ 24ቱንና ፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚገባውን ባለ 8ቱን፣ አንድ ራም፣ የፕሮሰሰሩን ፋንና ግራፊክስ ካርዱን ብቻ አድርግ። ማብሪያ ስለማይኖር የማብሪያውን ሁለት እሾኾች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት አገናኛቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ የማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ተሥሏል። እዚህ ከተነሣ ጥፋቱ የኬዙ ነው። እዚህም ነቅነቅ ብሎ ከቆመ ግራፊክስ ካርዱን አውጥተህ ድገመው።

ባለ 8ቱን ገመድ ስትሰካ ተጠንቀቅ። ለፕሮሰሰሩ የሚሆነው አራትና አራት ሆኖ የሚከፈለው ነው፤ ስድስትና ሁለት የሚሆነው ለግራፊክስ ካርድ ነው። ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ የ12 ቮልቱና የመመለሻው አሰላለፍ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ቀዳዳዎቹ በቅርፅ ስለሚለዩ በዋዛ አይገባም፣ በጉልበት የሚያስገባ ሰው ግን አይጠፋም። ያ ራሱ ሾርት ነው። ሌላ ልጨምርልህ፤ የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ያለምክንያት አትንቀለው። በራይዘን 5600 እሾኾቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ይዞት ከማቀዝቀዣው ጋር አብሮ ሊወጣና እሾኹ ሊታጠፍ ይችላል። ግድ ከሆነ ግራና ቀኝ እያወዛወዝህ አላቅቀው እንጂ ወደ ላይ አትሳበው።

ይህ ሁሉ ተሳክቶ ፋኑ ከዞረ በኋላ ደግሞ ሥዕል አልመጣ ቢል አትደንግጥ፤ ያንተ ዕቃዎች ለዚህ ምክንያት አላቸው። ራይዘን 5 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ ማዘርቦርዱ ጀርባ ያለው ኤችዲኤምአይ ከእርሱ ጋር ባዶ ቀዳዳ ነው። ሞኒተሩን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰካ፤ የካርዱንም የኃይል ገመድ አትርሳ። ራሙን ማቀፊያው ቀጭ እስኪል ተጫነው፤ ጀማሪ እጅ ብዙ ጊዜ ይፈራል።

ከዚህ አልፎ የምጠረጥረው ባዮሱን፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ተጭኖ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን ፕሮግራም፣ ነው። ቢ450 የወጣው በ2018 ሲሆን ራይዘን 5 5600 የመጣው በ2022 ነው። መደርደሪያ ላይ የቆየ ማዘርቦርድ ከሆነ ይህን ፕሮሰሰር ላያውቀው ይችላል፤ ያኔ ሁለቱም ጤነኞች ሆነው ጥቁር ሥዕል ያሳዩሃል። ካርቶኑ ላይ ለራይዘን 5000 ዝግጁ መሆኑን የሚገልጽ ተለጣፊ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነህ። ከሌለ፣ አንዳንድ ቢ450 ማዘርቦርዶች ያለፕሮሰሰር በፍላሽ ዲስክ ባዮስ የሚያድሱበት ቁልፍ አላቸው፤ የሌላቸው ግን የሚያውቁትን የቀድሞ ትውልድ ራይዘን ተውሶ ማደስ ይጠይቃሉ። ባዮስ እየታደሰ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ያኔ በእርግጥ ሊሞት ይችላልና መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ ሳይኖርህ አትጀምረው።

ወደ ንዝረቱ ልመለስ። ኮምፒውተሩ ያልተነሣው በእርሱ ምክንያት አይደለም፣ መናቅም የለበትም። ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ ከሁለቱ የመብራት መስመሮች ወደ ኬዙ ብረት የተዘረጉ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉት፤ ጥቂት ኃይል ወደ መሬት መስመሩ፣ ኧርዝ ወደምንለው፣ እንዲሸሽ። ኧርዝ ከሌለ ኬዙ የ220 ቮልቱን ግማሽ ያህል ይዞ ይቀመጣል። መጠኑ እጅግ ትንሽ ስለሆነ እጅህን ከመንዘር አያልፍም፤ ኤችዲኤምአይ ወይም ዩኤስቢ ሲሰካና ሲነቀል ግን የመሣሪያን መግቢያ ሊያቃጥል ይችላል። ባለ ሦስት እግር ዲቫይደር መግዛት ኧርዝ አይፈጥርም፤ ሶኬቱም የኧርዝ ንክኪ ስላለው ብቻ ከኋላው ሽቦ አለ ማለት አይደለም። ሁለት ሽቦ ብቻ የተዘረጋባቸው ቤቶች ሞልተዋል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስጠራና በቴስተር ይለካልህ፤ ከሌለ የኧርዝ ዘንግ መሬት ውስጥ ያስተክልልህ። ቦታው እርጥበት የማይለየው ቢሆን ይመረጣል፤ በበጋ የደረቀ አፈር ኃይል በደንብ አይቀበልም። እስከዚያው ድረስ ማንኛውንም ገመድ የምትሰካውና የምትነቅለው ኮምፒውተሩ ከሶኬት ከተለየ በኋላ ብቻ ይሁን።

የሃርድ ዲስኩ ጉዳይ እስኪለይም የካሜራ ካርዶችህን አታጽዳ፤ አሮጌ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ካለህ እርሱንም አትንካው። ወደ እኔ የምትመጣ ከሆነ ኮምፒውተሩን መሸከም አያስፈልግህም፤ ዲስኩንና ያንን ገመድ፣ ከቻልህ አሮጌውን ፓወር ሰፕላይ ጭምር፣ ይዘህ ና።