«ኤፒአዩን አፍጥኛለሁ» ብቻውን ሲቪ ላይ አይበቃም

ጠያቂያችን ጁኒየር የባክኤንድ ዴቨሎፐር ነው። ያለፉትን ወራት ያሳለፈው ቀርፋፋ የኤፒአይ (ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት በር) ኩዌሪዎችን፣ ማለትም ለዳታቤዝ የሚላኩ ጥያቄዎችን፣ ሲያስተካክል ነው። አዲስ ፊቸር ስላልሠራ «ሲቪዬ ላይ የማስገባው ነገር የለኝም» ይላል። በዚሁ ሥራ ልቀጥል ወይ ሲልም ጠይቋል።

ኧረ አለህ! ችግሩ አጻጻፉ ላይ ነው። «የኤፒአይ ፍጥነት አሻሽያለሁ» የሚለውን ማንም መጻፍ ይችላል፤ ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉልህም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ምን እንዳዘገየው አስቀድመህ ተናገር።

የትዕዛዞችን ዝርዝር የሚያመጣ ኤንድፖይንት (የኤፒአዩ አንድ አድራሻ) ነበር እንበል። አንድ ኩዌሪ 50 ትዕዛዞችን ያመጣል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የደንበኛውን ስም ፍለጋ ሌላ ኩዌሪ ይሄዳል። ድምሩ 51! ኤን ፕላስ ዋን የሚባለው ጣጣ ይሄ ነው። ኮዱን ስታነበው ምንም አይታይም፣ ኦአርኤሙ (ኮድህን ወደ ኩዌሪ የሚቀይረው መሣሪያ) ይሸፍነዋል። የኩዌሪ ሎጉን ስትከፍት ግን ተደርድሮ ታገኘዋለህ። በጆይን (ሁለቱን ቴብሎች በአንድ ኩዌሪ በማገናኘት) ወደ አንድ ካመጣኸው «ከ51 ኩዌሪ ወደ 1» ብለህ ጻፍ። ከጎኑ የፒ95 ጊዜውን በፊትና በኋላ አስቀምጥ፤ ማለትም ወደ ኤንድፖይንቱ ከመጡ 100 ጥያቄዎች 95ቱ በስንት ሚሊሰከንድ ውስጥ እንደተመለሱ። አማካይ ቁጥር ቀርፋፎቹን ስለሚደብቅ ብዙም አያሳምንም። ያኔ ካልለካህ ቁጥር ከኪስህ እንዳታወጣ። የድሮውን የኮድ ስሪት በሙከራ ሰርቨር ላይ አስነስተህ ዛሬም መለካት ትችላለህ።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ኢንዴክስ ጨመርኩ» ስትል «ጉዳቱስ?» መባልህ አይቀርም። ኢንዴክስ፣ ማለትም ዳታቤዙ የሚፈልገውን ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫ፣ ንባብን ያፈጥናል፣ መጻፍን ግን ያዘገያል፤ አዲስ ዳታ በገባ ቁጥር እሱም መታደስ አለበት። ካሽ (ቶሎ ለመመለስ ለጊዜው የሚቀመጥ መልስ) ካስገባህ ደግሞ፣ ዳታው ሲቀየር የድሮውን መልስ ማን ያጠፋዋል? ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚንተባተበው። ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀም ከሆነ፣ ኩዌሪው እንዴት እንደተሠራ የሚያሳየውን የኤክስፕሌይን አናላይዝን ውጤት ማንበብ ተለማመድ። ሴክ ስካን (ቴብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ) ባየህ ቁጥር ግን አትደንግጥ፤ ትንሽ ቴብል ከሆነ ሙሉውን ማንበብ ይቀላል።

የመሥሪያ ቤቱን ኮድም ሆነ ዳታ ለማንም አታሳይ። ተመሳሳይ ችግር ያለበት ትንሽ ፕሮጀክት ራስህ ሠርተህ ብታሳይ ይበቃል።

ልቀጥል ወይ ላልከው፣ ቀጥል። ግን «ፐርፎርማንስ ኢንጂነር» የሚል ማስታወቂያ ብቻ እየጠበቅክ አትቀመጥ። ባክኤንድ፣ ዳታቤዝና ኤስአርኢ (ሲስተሞች ሳይቋረጡ እንዲሠሩ የሚጠብቅ ሥራ) የሚሉትንም ዝርዝራቸውን አንብብ፤ ይሄው ሥራ እዚያ ውስጥም አለ።