«ባለቤቴ ኤሊ እንደሚገዛለት ለልጃችን ቃል ገብቶለታል፤ እኔ ግን አልተጠየቅሁም»

ውድ ጠያቂያችን፣

ከቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የላኩልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ባለቤትዎ የ10 ዓመቱ ልጃችሁ በትምህርቱ ጥሩ ውጤት ካመጣ ትንሽ ኤሊ እንደሚገዙለት እርስዎን ሳያማክሩ ቃል ገብተውለታል። ልጁም ውጤቱን አምጥቶ፣ በበረንዳው በር አጠገብ ካለው የጫማ መደርደሪያ የታችኛውን እርከን ባዶ አድርጎ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህንና ከመንገድ የለቀማቸውን ጠጠሮች ደርድሮበት ይጠብቃል። ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማችሁ ውስጥ 2 ዓመት የሞላት ሴት ልጃችሁና እርሷን ለመያዝ ከአገር ቤት የመጡት የ71 ዓመት እናትዎ አብረዋችሁ አሉ። እናትዎ «በደረቱ የሚሳብ ነገር ከሕፃን ጋር አያድርም» ሲሉ፣ ሌሊት ታክሲ ነድተው ቀን የሚተኙት ባለቤትዎ «የድሮ ሰው ነገር» ብለው ይስቃሉ። ጥያቄዎም «እምቢ ብል ክፉዋ እኔ ነኝ ወይ?» የሚል ነው።

አይደሉም። በቤተሰብ ጉዳይ ላይ «አድርጉ» ወይም «አታድርጉ» ማለት የሙያዬ ልማድ ባይሆንም፣ አሁን ባላችሁበት ሁኔታ ኤሊ ወደዚህ ቤት እንዳይገባ ለመምከር አልቸገርም።

ኤሊዎች ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ራሳቸው ሳይታመሙ በአንጀታቸው ይይዛሉ፤ ከዓይነ ምድራቸው ጋር ሲወጣም ቅርፊታቸውን፣ የሚተኙበትን አፈርና የሚነከሩበትን ውኃ ይበክላል። በጤነኛ አዋቂ ላይ ብዙውን ጊዜ ተቅማጥና ትኩሳት ሆኖ ያልፋል፤ በሕፃንና በአረጋዊ ላይ ግን ወደ ደም ሊገባ ይችላል። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን፣ ዕድሜው 65 የደረሰ ሰው ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ባለበት ቤት እንዲህ ያሉ እንስሳት እንዳይያዙ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። የኤሊዋ ትንሽነትም የሚያረጋጋ ነገር አይደለም። ሕፃናት ትንንሾቹን ኤሊዎች እየጨበጡና አፋቸው ውስጥ እየከተቱ ስለታመሙ፣ የቅርፊታቸው ርዝመት ከ4 ኢንች፣ ማለትም ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በታች የሆኑ ኤሊዎችን ለቤት እንስሳነት መሸጥ በአሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው። እርስዎ በአረጋውያን መንከባከቢያ ስለሚሠሩ የእጅ መታጠብን ነገር ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የ2 ዓመት ልጅን ጣት ግን ቀኑን ሙሉ መከታተል የሚቻል አይደለም፣ ያ ሥራ የሚወድቀውም በእናትዎ ላይ ነው።

ጤናውን ብንተወው እንኳ የዕድሜና የቦታ ጉዳይ አለ። በአሜሪካ በብዛት የሚሸጠውና ሱልካታ የሚባለው ዝርያ፣ ከሴኔጋል እስከ እኛው አገር ድረስ በሰሃራ ደቡባዊ ጠርዝ የሚኖር ነው፤ ሲፈለፈል መዳፍ አይሞላም፣ ሲያድግ ግን ከ45 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ትንሽ ሆኖ የሚቀረው የሩሲያ ኤሊ የሚሉት የመካከለኛው እስያ ዝርያ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። እርሱም ቢሆን አርቢዎች 1.2 በ2.4 ሜትር ያህል ቦታ ይመክሩለታል፤ ይህ ከጫማ መደርደሪያ እርከን ጋር አይገናኝም። አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጥ ልዩ አምፖል ከሌለው ካልሲየም በወጉ ስለማይሠራለት ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ይጣመማል፤ አምፖሉ ደግሞ ብርሃኑ ሳይጠፋ ጨረሩ ስለሚደክም በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ መቀየር አለበት። ይህ ሁሉ ለ40 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። ልጅዎ በ18 ዓመቱ ኮሌጅ ሲገባ ኤሊዋን ይዞ ዶርም አይገባም። ስለዚህ ለልጅ ኤሊ ተገዛ ሲባል፣ በተግባር የተገዛው ለእናት ነው፤ በእናንተ ቤት ሳትጠየቅ የቀረችውም እርሷ ናት።

ስለ ልጁ ባሕርይ ብዙ አልጻፉልኝም፣ ነገሩን ግን ያስቡበት። ኤሊ መታቀፍ አትወድም፣ ስትነሣ ትፈራለች፣ ብዙውን ሰዓት ትቆፍራለች ወይም ትተኛለች። ቁጭ ብሎ ማየት ለሚወድ ልጅ ይህ በቂ ደስታ ነው፤ ብቸኝነቱን የሚጋራው ፍጡር ለሚፈልግ ልጅ ግን በሁለተኛው ወር ባዶ ቅርፊት ትሆንበታለች። (ሁለት የሩሲያ ኤሊዎች በ1968 እ.ኤ.አ. በሶቪየቷ ዞንድ 5 መንኮራኩር ጨረቃን ዞረው በሕይወት መመለሳቸውን ልጅዎ ካላወቀ ይንገሩት፤ ዓይኑ የሚበራው በዚህ ዓይነቱ ወሬ ከሆነ የመጀመሪያው ዓይነት ልጅ ሳይሆን አይቀርም።)

አሁን ወደ ባለቤትዎ ልምጣ። ሌሊት የሚሠራ አባት ልጁን የሚያገኘው በቀን ለጥቂት ሰዓት፣ ያውም በእንቅልፍ ዓይኑ ነው፤ እንዲህ ያለ አባት ቃል መግባት ይቀለዋል፣ ቃሉን ማጠፍ ደግሞ በጣም ይከብደዋል። ስለዚህ «ለምን ሳትነግረኝ» ብለው ቢጀምሩ ክርክሩ ስለ ኤሊ መሆኑ ቀርቶ ስለ አባትነት ክብር ይሆናል። ሁለታችሁም ሥራ በሌላችሁበት ቀን፣ ልጁ በሌለበት፣ ከላይ የጠቀስኩትን የጤና ምክር አስቀድመው ያቅርቡ፤ ቀጥለውም «አምፖሉን የሚቀይረው፣ ቤቷን የሚያጸዳው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ዝም ብለው ይጠብቁ። እናትዎን በተመለከተ ግን ለስለስ ማለት አያስፈልግዎትም። ምክንያታቸው ሌላ ቢሆንም የደረሱበት ነገር ሐኪሞቹ ከሚሉት ጋር አንድ ነው፤ በልጅ ልጃቸው ፊት መሳቂያ መሆናቸው መቆም አለበት።

ለልጁ የሚነግሩት ቃሉን የሰጡት አባት ራሳቸው ይሁኑ። «ሳላጣራ ቃል ገባሁልህ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አሁን አንገዛም» ማለት ይበቃል። «እናትህ እምቢ ስላለች» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከአፋቸው እንዳይወጣ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ የእህቱም ስም እንደ ወንጀለኛ አይነሣ። ልጁ ቢያለቅስ፣ ቢያኮርፍም፣ ኀዘኑን ለማስረሳት በዚያው ቀን ጌም ወይም ብስክሌት አትግዙለት። ከዚያ ይልቅ መግቢያው ነፃ በሆነው በዋሽንግተን ብሔራዊ መካነ እንስሳት ግዙፎቹን የአልዳብራ ኤሊዎች አባቱ ይዘውት ሄደው፣ ሳይቸኩሉ አብረውት ይዩ።

ታናሿ ልጅ 5 ዓመት ካለፋት በኋላ ጉዳዩ እንደገና ሊነሣ ይችላል፤ እናትዎ ያኔም አብረዋችሁ ካሉ ግን ምክሬ አይለወጥም። የምትይዙ ከሆነ ከእንስሳት መጠለያ ያደገች፣ ስፋቷም የታወቀ ኤሊ ውሰዱ፤ አከራዩንም በጽሑፍ አስፈቅዱ። ይህ መልስ ሳይደርስዎ ባለቤትዎ ገዝተው መጥተው ከሆነ ደግሞ ወደ ሻጩ ወይም ወደ መጠለያ ትመለስ እንጂ ጫካ አትለቀቅ፤ እስከዚያው ሕፃኗና እናትዎ ከማይደርሱበት ክፍል ትቀመጥ፣ ዕቃዋም በወጥ ቤቱ ገንዳ አይታጠብ።