ለኤኤምዲ ካርድ ከዌብሳይት ድራይቨር ከማውረድህ በፊት የሜሳህን ቁጥር እይ

ጥያቄህን እንደተረዳሁት ይሄ ነው፦ ደቢያን 12 በሚባለው ሊኑክስ ላይ በኤኤምዲ አርኤክስ 580 የግራፊክስ ካርድ ትጫወታለህ። የፍሬሙ (በሰከንድ የሚሳለው ምስል) አማካይ ቁጥር ጥሩ ነው። ግን አዲስ ቦታ ስትገባ ወይም አዲስ ጠላት ብቅ ሲል ጌሙ ለቅጽበት ቀጥ ይላል። ሰዎች ደግሞ «የኦፕን ሶርሱ ድራይቨር ደካማ ስለሆነ ነው፣ የኤኤምዲን ከዌብሳይቱ አውርደህ ጫን» ብለውሃል።

ወንድሜ፣ አትጫን። እኔ ሊኑክስ ላይ የምጫወተው ለዓመታት በኤኤምዲ ካርድ ነው። ከዌብሳይት ያወረድኩት ድራይቨርም የለም። ችግርህ ድራይቨሩ ክፍት መሆኑ ሳይሆን ማርጀቱ ነው። ድራይቨሩ የሚመጣው ሜሳ በሚባል የክፍት ግራፊክስ ድራይቨሮች ስብስብ ውስጥ ነው፤ ዕድሜውን የሚነግርህም የሜሳ ቁጥር ነው።

ምክሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ድሮ እውነት ነበር። ለጌም የተዘጋው ድራይቨር ይሻል ነበር፤ ክፍቱ ከኋላ ይከተል ነበር። ነገሩ የተገለበጠው ደረጃ በደረጃ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ2015 ኤኤምዲጂፒዩ የሚባለው የክፍቱ ድራይቨር ክፍል ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 4.2 ውስጥ ገባ። በ2016 ከኤኤምዲ ውጭ ያሉ ፕሮግራመሮች ሜሳ ውስጥ ያለውን፣ ራድቪ የተባለውን የቩልካን ድራይቨር ጀመሩ፤ ቩልካን ጌሞች ካርዱን የሚያዙበት መንገድ ነው። በ2019 ደግሞ የስቲም ባለቤት ቫልቭ ያሠራው ኤኮ የተባለ የሼደር ኮምፓይለር ይፋ ሆነ (ሼደር ምን እንደሆነ ከታች እነግርሃለሁ)፤ በቀጣዩ ዓመት የራድቪ መደበኛ ኮምፓይለር ሆነ። የቫልቭ የእጅ ጌም መጫወቻ ስቲም ዴክ በ2022 ሲወጣ የሚሠራው በዚሁ ድራይቨር ነበር። በ2025 ኤኤምዲ ራሱ ኤኤምዲቪኤልኬ የተባለውን የራሱን የቩልካን ድራይቨር አቁሞ ድጋፉን ወደ ራድቪ አዞረ። አምራቹ ራሱ ትቶት የመጣበትን መንገድ አንተ ወደ ኋላ የምትሄድበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ መቆራረጡ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ሼደር ማለት ካርዱ ላይ የሚሮጥ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የብርሃኑን፣ የጥላውን፣ የውሃውን መልክ የሚያሰላው እሱ ነው። ጌሙ ሼደሩን ያለቀለት አድርጎ አያመጣም። ወደ አንተ ካርድ ቋንቋ የሚቀይረው ድራይቨሩ ነው። ይህ ሥራ ጊዜ ይወስዳል።

የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ፕሮቶን ከዳይሬክትኤክስ (የዊንዶውስ የግራፊክስ መንገድ) 9 እስከ 11 ያለውን ዲኤክስቪኬ በተባለ ተርጓሚ አማካይነት ወደ ቩልካን ይተረጉማል። ችግሩ የነበረው እዚህ ላይ ነው። ዳይሬክትኤክስ 11 ሼደሮቹን ለየብቻ ይሰጣል። ቩልካን ደግሞ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ተሟልተው አንድ ላይ እንዲቀርቡለት ይፈልግ ነበር። ስለዚህ ዲኤክስቪኬ የትኛው ሼደር ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ የሚያውቀው ዕቃው ሊሳል ሲል ነው። ያኔ ኮምፓይል ማድረግ ይጀመራል፤ ጌሙም ቆሞ ይጠብቃል። አንተ የምታየው ቀጥ ማለት ይሄ ነው። ለዚህም ነው በአዲስ ቦታ ብቻ የሚመጣውና ሁለተኛ ስታልፍ የሚጠፋው።

በ2022 ቩልካን ላይ ግራፊክስ ፓይፕላይን ላይብረሪ የሚባል ማስፋፊያ ወጣ። ሼደሮቹ ጌሙ ሎድ ሲያደርግ ቀድመው ለየብቻ ይዘጋጃሉ፤ መሳያው ሰዓት ሲደርስ ማገጣጠም ብቻ ይቀራል። ዲኤክስቪኬ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በወጣው 2.0 ይህን መጠቀም ጀመረ። ራድቪ ደግሞ ከሜሳ 23.1 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2023 ወዲህ፣ ምንም ሳትነካ በራሱ እንዲሠራ አድርጎታል።

ደቢያን 12 ይዞት የመጣው ሜሳ 22.3 ነው። ለጥቂት አመለጠህ።

ስለዚህ አንደኛው መንገድ ወደ ደቢያን 13 ማሳደግ ነው። ሜሳ 25.0 እና ከርነል 6.12 ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ ብሆን ይሄን ነበር የማደርገው። ሲስተሙን አሁን መንካት ካልፈለግህ ስቲምን በፍላትፓክ (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ጋር ጠቅልሎ በሚያመጣ የመጫኛ ዘዴ) ጫን። ፍላትፓክ የራሱን አዲስ ሜሳ ይዞ ስለሚመጣ የሲስተምህ አሮጌ መሆን ጌሙን አይነካውም። ከማይታወቅ ቦታ ፓኬጅ ለቃቅመህ ሜሳን ብቻውን መተካት ግን ይቅርብህ። ደቢያን ላይ ፓኬጆች ሲደበላለቁ ማስተካከሉ ከጌሙ በላይ ጊዜ ይበላል።

ቁጥሩን ለማየት ስቲም ውስጥ ሄልፕ፣ ከዚያ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ክፈት። የድራይቨሩ ስምና የሜሳ ቁጥር እዚያ አለ። በካርድህ ስም ፈንታ «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል ካገኘህ ካርዱ ጭራሽ እየሠራ አይደለም፤ ምስሉን እየሳለ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው። ያኔ የኤኤምዲ ፈርምዌር (ካርዱ ራሱ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር) ፓኬጅ መጫኑን አረጋግጥ። ስቲምን በፍላትፓክ ሳይሆን ከደቢያን ከጫንከው ደግሞ የሜሳ የቩልካን ፓኬጅ 32 ቢት የሆነውም ያስፈልግሃል። ብዙ የቆዩ ጌሞች 32 ቢት ናቸው፤ እሱ ከሌለ አይነሱም።

አሻሽለህ ስትጨርስ በአማካዩ ፍሬም አትፍረድ። ማንጎሀድን (ጌሙ ላይ የፍሬም መረጃ የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈትና እያንዳንዱ ፍሬም የፈጀውን ጊዜ የሚያሳየውን ግራፍ ተመልከት። መስመሩ ጠፍጣፋ ከሆነ ጥሩ ነው፤ እንደ መርፌ ወደ ላይ የሚወጋ ከሆነ መቆራረጡ አለ ማለት ነው። ድራይቨር ከተቀየረ በኋላ የተጠራቀመው የሼደር ካሽ (ተቀይረው የተቀመጡት ሼደሮች) እንደ አዲስ ስለሚሠራ የመጀመሪያውን ጨዋታ አትቁጠረው። ካርዱ ሥራ ፈትቶ አንድ የፕሮሰሰር ኮር ብቻ እስከ ጥግ ከተያዘ ደግሞ ድራይቨር አያድንህም፤ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ነው። ካርድህ 4 ጊጋ ሚሞሪ ያለው ዓይነት ከሆነ ቴክስቸሩን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገህም ሞክር። ጌሙ በጸረ ማጭበርበር ሶፍትዌር ምክንያት አልነሳ ካለ ውሳኔው የጌሙ አዘጋጅ ነው፤ ድራይቨሩ አያገባውም።

እግረ መንገዴን፣ ከጥያቄህ ስር በኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 ካርድ ይህንኑ ለጠየቀው፦ የአንተ ነገር ሌላ ነው። ኤንቪዲያ በ2022 የከፈተው የከርነሉን ክፍል ነው፤ እሱም ካንተ ካርድ በኋላ ከመጣው ከቱሪንግ ትውልድ ወዲህ ላሉት ካርዶች። ኤንቪኬ የተባለው ክፍት የቩልካን ድራይቨር ጥሩ እያደገ ነው፤ ግን ባንተ ካርድ ላይ ክፍቱ የከርነል ድራይቨር ፍጥነቱን በቅጡ ከፍ ማድረግ አይችልም፣ ምክንያቱም ለዚያ የሚያስፈልገው ፈርምዌር በኤንቪዲያ ፊርማ የተቆለፈ ነው። ለጌም በተዘጋው ድራይቨር ቀጥል። ኤንቪዲያ ግን ላንተ ካርድ ትውልድ የመጨረሻው የድራይቨር ቅርንጫፍ 580 መሆኑን በ2025 አሳውቋል። ቀጣዩን ካርድ ስትገዛ ይሄን አስብበት። አርኤክስ 580 የ2017 ካርድ ሆኖ ዛሬም ከአዲስ ሜሳ ጥቅም የሚያገኘው ኮዱ ክፍት ስለሆነና ማንም የሚያውቅበት ሰው ሊያሻሽለው ስለሚችል ነው። እኔ ካርድ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው።

ካሻሻልክ በኋላም ከተቆራረጠ የጌሙን ስም፣ የሜሳውን ቁጥርና የማንጎሀዱን ስክሪንሾት እዚሁ ስር ለጥፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።