በብሪጅ ውድድር የትኛው ቢድ ይፈቀዳል? ጥያቄና መልስ

ስለ ዱፕሊኬት ብሪጅ (በጥንድ የሚጫወቱት፣ አንዱ የካርታ ድልድል በየጠረጴዛው የሚደገምበት የካርታ ጨዋታ) ኮንቬንሽኖች የተነሱ ጥያቄዎችና የተሰጡ መልሶች ናቸው። “ቢድ” ከጨዋታው በፊት ባለው ጨረታ የሚጠራ ቁጥርና ሱት ወይም ኖ ትራምፕ (ያለ ገዢ ሱት) ነው፤ “ኮንቬንሽን” ደግሞ ተጣማሪዎች ለአንድ ቢድ በስምምነት የሰጡት ልዩ ትርጉም ነው። “ነጥብ” ስንል ኤስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1 የሚለውን ቆጠራ ነው። “ሱት” የምንለው ደግሞ ስፔድን፣ ኸርትን፣ ዳይመንድን ወይም ክለብን ነው።

ጥያቄ፦ የተፈቀዱ ኮንቬንሽኖች ዝርዝር የት ይገኛል? አንዱ ይቻላል ሲል ሌላው ክልክል ነው ይላል።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ለዓለም ሁሉ የሚሠራ አንድ ዝርዝር የለም። የ2017ቱ የዱፕሊኬት ብሪጅ ሕግ በአንቀጽ 40 ሥልጣኑን ውድድሩን ለሚያስተዳድረው አካል ሰጥቶታል። የአሜሪካ ኮንትራክት ብሪጅ ሊግ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በአራት ቻርት (የሚፈቀደውን የሚዘረዝር ሰነድ) ይሠራል፤ እነሱም ቤዚክ፣ ቤዚክ ፕላስ፣ ኦፕን እና ኦፕን ፕላስ ናቸው። የእንግሊዝ ብሪጅ ዩኒየን በቁጥር ደረጃ ያወጣል፤ አብዛኛው ውድድር በደረጃ 4 ነው። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን ደግሞ ሲስተሞችን (የአንድ ጥንድ የቢድ ስምምነቶች በጠቅላላ) በቀለም ይለያል። ክለብ በራሱ ጨዋታ ላይ የራሱን ገደብ ሊያወጣ ስለሚችል “እዚያኛው ክለብ እንጫወተዋለን” ብሎ መከራከር አያዋጣም። ከመመዝገባችሁ በፊት ዳኛውን “ይህ ውድድር በየትኛው ቻርት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኛ የተለመዱትን ኮንቬንሽኖች፣ ስቴይማን፣ ትራንስፈርና ብላክውድ ብቻ ነው የምንጫወተው። የሚያሰጋን ነገር አለ?

መልስ፦ በመፈቀድ በኩል የለም። የምትሳሳቱት ማሳወቁ ላይ ነው። 1 ኖ ትራምፕ ስትከፍት የነጥብ ክልሉን የሚናገረው ተጣማሪህ ነው፤ “15 እስከ 17” ይላል፣ አበቃ። ትራንስፈርም ሲሆን የሚናገረው ቢዱን ያደረገው ሳይሆን ተጣማሪው ነው። ስቴይማን ላይ አገር ከአገር ይለያያል፤ በእንግሊዝ ስሙ ይነገራል፣ በአሜሪካ ተራው 2 ክለብ ምንም አይባልበትም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መልቲ 2 ዳይመንድ ለምን በአሜሪካ ይከለከላል? እንግሊዝ አገር ያሉ ጓደኞቼ በየሳምንቱ ይጫወቱታል።

መልስ፦ መልቲ ማለት በ2 ዳይመንድ ከፍቶ፣ በኸርት ወይም በስፔድ ስድስት ካርታ ያለው ደካማ እጅ ማሳየት ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይነገርም፤ ጣጣውም እሱ ነው። ሱትህን የማያውቅ ተጋጣሚ ኪው ቢድ (የተጋጣሚን ሱት መጥራት) የሚያደርግበት የለውም፤ ደብሉም (“እጥፍ” የሚለው ጥሪ) ምን ማለት እንደሆነ ከተጣማሪው ጋር ቀድሞ ካልተስማማ ለሁለቱም እንቆቅልሽ ነው። ሁለት ሦስት ቦርድ (የተደለደለ የካርታ ስብስብ) ተጫውቶ ጠረጴዛ በሚቀየርበት የጥንድ ውድድር ደግሞ ይህን ቁጭ ብሎ ለመነጋገር ጊዜ የለም።

ስለዚህ በአሜሪካ ኦፕን ቻርት ላይ አይፈቀድም። ኦፕን ፕላስ ላይ ዙሩ ረዘም ሲል ቦታ አለው፤ ያኔም ጨዋታው ሳይጀመር ለተጋጣሚ ማሳወቅና የጽሑፍ መከላከያ (ተጋጣሚ ለቢዱ እንዴት እንደሚመልስ የሚጠቁም ወረቀት) ማቅረብ ግድ ነው። እንግሊዞቹ ከልጅነታቸው ስለለመዱት በደረጃ 4 ይፈቅዱታል። የዓለም ፌዴሬሽን ከ2 ክለብ እስከ 3 ስፔድ ባለው መክፈቻ፣ ደካማ ሊሆን የሚችልና ቢያንስ አራት ካርታ ያለበትን አንድ የታወቀ ሱት የማያሳይ ቢድ “ብራውን ስቲከር” ብሎ ይገድባል፤ መልቲን ግን ከዚህ ገደብ ለይቶ አውጥቶታል። በእኔ አስተያየት ይህ ልዩነት የመጣው ከልማድ እንጂ ከሎጂክ አይደለም።

እንግዲህ አንድ ቢድ ይፈቀድ እንደሆነ ለማወቅ ስሙን ትተህ ሁለት ነገር ጠይቅ፦ የትኛውን ሱት ያሳያል? ቢያንስ ስንት ነጥብ አለው? ፍላነሪ የሚባለው ኮንቬንሽንም በ2 ዳይመንድ ይከፈታል፤ ነገር ግን አምስት ኸርት፣ አራት ስፔድና ከ11 እስከ 15 ነጥብ ያሳያል። ሱቶቹ ስለታወቁ ኦፕን ቻርት ላይ ማንንም አያጨቃጭቅም።

ጥያቄ፦ ረዥም ሱት ይዤ በጠንካራው 2 ክለብ ከፈትኩ፤ ተጋጣሚ ዳኛ ጠራ። 2 ክለብ ሁሉም የሚጫወተው አይደለም?

መልስ፦ ኮንቬንሽኑ ተፈቅዷል፤ ጥያቄው እጅህ መመዘኛውን ያሟላል ወይ ነው። የአሜሪካው ቻርት “በጣም ጠንካራ” የሚለው ከሦስቱ አንዱን ነው፦ 20 ነጥብ፤ ወይም 14 ነጥብ ሆኖ ለጌም (ተጨማሪ ሽልማት ለሚያስገኝ ኮንትራት) አንድ ትሪክ (አራቱም ተጫዋቾች አንድ አንድ ካርታ የሚጥሉበት ዙር) ብቻ የሚጎድለው፤ ወይም 5 ኮንትሮል (ኤስ 2፣ ኪንግ 1) ሆኖ እንዲሁ አንድ ትሪክ ብቻ የሚጎድለው።

ስፔድ ኤስ፣ ኪንግ፣ ኩዊን፣ ጃክ ከአምስት ትንንሽ ጋር፣ ኸርት ሁለት ትንንሽ፣ ዳይመንድ አንድ፣ ክለብ አንድ ያዝክ እንበል። ዘጠኝ ትሪክ በእጅህ ነው፤ ነጥቡ ግን 10፣ ኮንትሮሉ 3 ብቻ ነው። አይሆንም። ተጋጣሚ ጠንካራ እጅ መስሎት ዝም ካለ በኋላ የራሱ ጌም እንዳመለጠው ያያል፤ ክሱ የሚመጣው ከዚህ ነው። አሁን አንድ ስፔድ ቀንስና የዳይመንዱን ትንሽ ካርታ ከኤስ ጋር አድርገው፤ ስፔድ ስምንት፣ ኸርት ሁለት፣ ዳይመንድ ኤስና አንድ ትንሽ፣ ክለብ አንድ። 14 ነጥብ፣ 5 ኮንትሮል፣ ዘጠኝ ትሪክ፤ ያልፋል።

ጥያቄ፦ ፎርሲንግ ፓስስ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ተራ ፓስ ማለት የመክፈቻ ጥንካሬ አለኝ ማለት ከሆነ፣ የዓለም ፌዴሬሽን በቢጫው የሲስተም ምድብ ውስጥ ያስገባዋል። ቢጫ የሚፈቀደው በጥቂት ረዣዥም የቡድን ግጥሚያዎች ነው፤ በጥንድ ውድድር እርሱት።

ጥያቄ፦ ሳይክ ማድረግ (ሆን ብሎ ከእጅ ጋር ፈጽሞ የማይገጥም ቢድ መጥራት) ክልክል ነው ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ አይደለም። ምንም በሌለው እጅ 1 ስፔድ ብትከፍት፣ ተጣማሪህ ከተጋጣሚ የተለየ ፍንጭ እስከሌለው ድረስ ሕጉ ይፈቅዳል። ሦስት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ ደጋግመህ ካደረግከው ተጣማሪህ መጠርጠር ይጀምራል፤ ያኔ ሳይክ መሆኑ ቀርቶ ያልተነገረ ስምምነት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ተጣማሪህ 14 ነጥብና አራት ስፔድ ይዞ በድንገት ከተለሳለሰ ዳኛው “ያውቅ ነበር” ብሎ ይጠረጥራል። ሦስተኛ፣ በአሜሪካ ቻርቶች ጠንካራ ሰው ሠራሽ መክፈቻን፣ ለምሳሌ 2 ክለብን፣ ሳይክ ማድረግ አይፈቀድም።

ጥያቄ፦ ተጣማሪዬ ቢዴን በስህተት አስረዳ። መቼ ነው የማርመው?

መልስ፦ በጨረታው መካከል በፍጹም። ፊትሽም ምንም አያሳይ፤ የእሱን ማብራሪያ እንዳልሰማሽ ሆነሽ ቢድሽን ቀጥዪ። ጎንሽ ኮንትራቱን (ጨረታውን ያሸነፈውን ቢድ) የሚጫወት ከሆነ ከመጨረሻው ፓስ በኋላ፣ የመጀመሪያው ካርታ ሳይወጣ ዳኛ ጠርተሽ ትናገሪያለሽ። ተከላካይ ከሆንሽ ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ትጠብቂያለሽ፤ ቀድመሽ ከተናገርሽ ለተጣማሪሽ መረጃ ሰጠሽ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያምታታው ይህን ነው።

የራሱን ማብራሪያ ስህተት ያስታወሰ ሰው ግን ሌላ ነው፤ በጨረታውም መካከል ቢሆን ዳኛ ጠርቶ ማረም ይችላል።

ጥያቄ፦ ተጋጣሚዎቼ ያልተፈቀደ ቢድ የተጫወቱ ከመሰለኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ተራህ ሲደርስ የቢዱን ትርጉም ጠይቅ፤ መልሱ ካላጠገበህ ዳኛ ጥራ። ጠረጴዛ ላይ አትከራከር። ዳኛው አብዛኛውን ጊዜ ቦርዱን እንድትጨርሱ ያደርግና ከተጎዳችሁ ውጤቱን ያስተካክላል። ትክክለኛ ውጤት መገመት ካልተቻለ፣ ላልተሳሳተው ጎን 60 በመቶ፣ ለጥፋተኛው 40 በመቶ የመስጠት አማራጭ አለው። ቅሬታውን ቤት ሄዶ ማንሳት ግን ከጊዜ ገደቡ ውጪ ያደርጋችኋል።

ጥያቄ፦ ኮንቬንሽን ካርድ (ስምምነቶቻችን የሚጻፉበት ወረቀት) ሳንይዝ ብንሄድስ? ኦንላይን ላይስ?

መልስ፦ በአሜሪካ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት የተሞላ ካርድ መያዝ አለባችሁ። አንዳችሁም ከሌላችሁ ዳኛው የሊጉን መደበኛ ሲስተም፣ የሎው ካርድ የሚባለውን፣ ብቻ እንድትጫወቱ ሊያደርግ ይችላል። ካርዱ የሚዘጋጀው ለተጋጣሚ ነው፤ በጨረታው ጊዜ የራስህን አንሥተህ ማየት አይፈቀድም። ኦንላይን አለርቱ (ቢዱ ልዩ ትርጉም እንዳለው ለተጋጣሚ ማሳወቅ) ይገለበጣል፦ ቢዱን ያደረገው ራሱ አለርት ያደርጋል፣ ትርጉሙን ለተጋጣሚ ይጽፋል፤ ተጣማሪው አያየውም። “ኮንቬንሽናል” ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ “5 ኸርት፣ 4 ስፔድ፣ 11 እስከ 15” ተብሎ ይጻፋል።