ሲ ኮድ ላለው የፐርል ሞጁል የቢልድ ቫሪያብሎችን ምን ብለን እንሰይም?

ጥያቄው ይህ ነበር፦ «በኤክስኤስ (ሲ ኮድን ከፐርል ጋር በሚያገናኘው መንገድ) የተጻፈ ሲ ኮድ ያለበት የፐርል ሞጁል ፓኬጅ እያደረግኩ ነው። የኮምፓይለር ፍላጎቹን የምይዝበትን ቫሪያብል ሲፍላግስ ልበለው ወይስ የራሴን ስም ላውጣለት?»

ወንድሜ፣ ሲፍላግስ አትበለው። ከሲ ፕሮጀክቶች ስለለመድነው የሁላችንም እጅ ወደዚያ ይሄዳል፤ የፐርል ሞጁሎችን ቢልድ የሚያዘጋጀው ሜክሜከር ግን ይህን ስም ዞር ብሎ አያየውም። ኤክስፖርት ብታደርገው ቢልዱ ያለ አንዳች ስህተት ያልቃል፣ ፍላጎችህ ግን አልገቡም።

ሜክሜከር የሚያውቀው ሁለት ሲ ያለውን ሲሲፍላግስንና ኦፕቲማይዝን ነው። እኔን ያቃጠለኝ ሲሲፍላግስ ነው። ፍላጎቼን እሱ ላይ ጫንኳቸው። በ64 ቢት ማሽን ኮምፓይል ሆነ፣ ቴስቱም አለፈ። በ32 ቢቱ ላይ ግን ገና ሞጁሉ ሲጫን ፐርል ላይብረሪውና እሱ እንደማይገጥሙ ተናግሮ፣ ሁለት የተለያዩ የሃንድሼክ ቁልፎች (ፐርልና ሞጁሉ መጣጣማቸው የሚታይባቸው ቁጥሮች) አሳይቶኝ ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ የሲ ኮዱን ስበረብር ከረምኩ፤ ኮዱ ምንም አልነበረበትም። ለካ ለሲሲፍላግስ የምትሰጠው ነገር በነባሩ ላይ አይጨመርም፣ ይተካዋል። ፐርሉ ራሱ የተሠራባቸው ፍላጎች፣ ፋይል ኦፍሴት ቢትስን 64 የሚያደርገው ጭምር፣ ጠፍተው ነበር። በ32 ቢት ላይ እሱ ሲጎድል የኢንተርፕሬተሩ ስትራክት መጠን ይለወጣል። ይህ የሃንድሼክ ፍተሻ የመጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው ፐርል 5.22 ጋር ነው፤ እሱ ባይኖር ሜሞሪ በዝምታ ሊበላሽብኝ ይችል ነበር።

ስለዚህ ፍላጎችህን ለኦፕቲማይዝ ስጥ። የፌዶራ ሊኑክስ ስፔክ ፋይሎችም (ፓኬጅ እንዴት እንደሚሠራ የሚጻፍባቸው) የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። እሱም ነባሩን ስለሚተካ የኦፕቲማይዜሽን ደረጃውን ኦ2ን ራስህ ጨምርበት፤ ከሜሞሪ ጥሰት የሚጠብቀው ፎርቲፋይ ሶርስ ያለ ኦፕቲማይዜሽን አይሠራም። በሊንክ በኩል ደግሞ የሊንክ ፍላጎቹን የሚይዘውን ኤልዲዲኤልፍላግስን ከነካህ ሼርድ የሚለውን አብረህ እንዳትጥል። ሞጁሉ የሚጠቀመው በሜክሜከር ፈንታ ሞጁል ቢልድን ከሆነ የቫሪያብሉ ስም በትናንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ በኮንፊግ በኩል ይገባል።

የራስህን ቫሪያብል በሚሄድበት ቦታ ሰይመው፦ ፐርል_ኦፕቲማይዝ፣ ፐርል_ኤልዲዲኤልፍላግስ። ከአንተ በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው የትኛው የት እንደሚገባ ሳይጠይቅ ያውቃል። «ኤክስትራ_ፍላግስ» የሚባል ስም ግን እባክህ ይቅር፤ የተረከብኩት አንድ ስክሪፕት ውስጥ ኮምፓይልም ሊንክም እሱን ይጠቀሙ ነበር።

ከመጀመርህ በፊት ፐርልን በትልቁ ቪ ኦፕሽን ሲሲፍላግሱን ጠይቀህ ውጤቱን አስቀምጥ። ቢልዱ ሲያልቅ ሎጉ ውስጥ የኮምፓይለሩን፣ የጂሲሲን፣ መስመር ፈልግና ከእሱ ጋር አስተያየው።